የናፍጣ መኪና ፖምፓ፦ ድካሙን በጊዜ መለየት፣ ቅያሪውን በሥርዓት ማከናወን

የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ጭነት አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚያጓጉዙት በናፍጣ የሚሠሩ የጭነት ተሽከርካሪዎች ናቸው። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላም ቢሆን ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ሲሚንቶውና ነዳጁ ራሱ እስከ መጋዘኑና እስከ ገጠር ከተማው የሚደርሰው በመኪና ተጭኖ ነው።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጭነት የያዘ መኪና ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ዋና ከተማ እስኪደርስ ድረስ የአፋርን በረሃ ሙቀትና ረጃጅም ዳገቶችን ማለፍ ይኖርበታል። በዚህ ጉዞ ላይ ዓይን ሳይገባ ከባዱን ሥራ ከሚሠሩት የሞተር ክፍሎች አንዱ የነዳጅ ፖምፓ ነው። ፖምፓው ሲደክም መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ሲቆም ደግሞ ሞተሩም አብሮት ይቆማል።

የሞተር በድንገት መጥፋት የሚያስከትለው ችግር ጭነትን ማዘግየት ብቻ አይደለም። በከባድ መኪና ላይ መሪውን የሚያግዘው ፓምፕም ሆነ ለፍሬን የሚያስፈልገውን አየር የሚያዘጋጀው መጭመቂያ የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም የሚሠራው በጋኑ ውስጥ በቀረው አየር ብቻ ይሆናል። እንደ ዓባይ በረሃና ጣርማ በር ባሉ ቁልቁለታማ መንገዶች ላይ ይህ ሁኔታ የሰው ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው። በመሆኑም የፖምፓን የድካም ምልክት በጊዜ መለየትና ቅያሪውን በሥርዓት ማከናወን የጋራዥ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ደህንነት አካል ጭምር ነው።

ፖምፓው ምን ይሠራል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ አያቃጥልም። ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር በፒስተኑ በኃይል ሲጨመቅ እጅግ ይግላል፤ በዚሁ ቅጽበት ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ነዳጁን በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ጊዜና በከፍተኛ ግፊት የማቅረቡ ኃላፊነት የፖምፓው ነው።

በተለምዶ "ፖምፓ" በሚለው አንድ ቃል ቢጠሩም በአብዛኞቹ የጭነት መኪኖች ላይ ያሉት ፖምፓዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው መጋቢ ፖምፓ ሲሆን፣ ናፍጣውን ከጋኑ ስቦ በማጣሪያው /በፊልትሮው/ በኩል ወደ ሞተሩ ያደርሳል። ግፊቱ አነስተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ አብሮት በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ ይገኛል። ሁለተኛው ኢንጄክሽን ፖምፓ ነው። ይህ ከመጋቢው የተቀበለውን ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጄክተሮቹ ይልካል።

በቀድሞዎቹ ሞተሮች ኢንጄክተሩ የሚከፈትበት ግፊት በአብዛኛው 200 ባር አካባቢ ነው። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው በ8 ባር ገደማ መሆኑን ላስታወሰ ሰው የግፊቱ መጠን ግልጽ ይሆንለታል። ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2 ሺህ ጊዜ ሲሽከረከር ፖምፓው በግማሽ ፍጥነት ማለትም 1 ሺህ ጊዜ ይዞራል። በዚህችው አንድ ደቂቃ ውስጥም 6 ሺህ ጊዜ ነዳጅ ለክቶ ይልካል።

የሞተሩ ፈልሳፊ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል የተሳካ ሙከራውን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። ይሁን እንጂ ሞተሩ ለመኪና የሚመች ሆኖ በስፋት ሊሠራጭ የቻለው ቦሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የኢንጄክሽን ፖምፓን በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ስመ ጥር የነበሩት የፊያት "ኤን ትሬ" መኪኖችም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የመጡት በርካታ ሥሪቶች የሠሩት በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው "ኮመን ሬል" የተሰኘው አሠራር ግን ለየት ይላል። በዚህ አሠራር ፖምፓው ናፍጣውን ለሁሉም ኢንጄክተሮች የጋራ ወደሆነ ወፍራም ቱቦ በመጭመቅ ያከማቻል። መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ደግሞ ኮምፒዩተር ነው። በአዳዲስ ሞተሮች ግፊቱ 2 ሺህ ባር ሊደርስና ሊያልፍም ይችላል።

ፖምፓን የሚጎዳው ምንድን ነው?

በኢንጄክሽን ፖምፓ ውስጥ ነዳጁን የሚጨምቁት ትናንሽ ፒስተኖች ከተቀመጡበት ቤት ጋር ያላቸው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው። ይህም ከሰው ጸጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ ይህን ክፍል ለመቧጨር ይበቃዋል። ፒስተኖቹ የሚለሰልሱትም በሌላ ቅባት ሳይሆን በናፍጣው በራሱ ነው። ስለሆነም የፖምፓው ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው በሚቀርብለት ነዳጅ ንጽሕና ነው።

ቀዳሚው ጠላት ውኃ ነው። መኪናው ጋኑ ጎደሎ ሆኖ በደጋ ብርድ ሲያድር በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ከናፍጣ ስለሚከብድም ከጋኑ ሥር ይዘቅጣል። ውኃው ፖምፓው ውስጥ ሲገባ ብረቱን ያዝጋል፤ ልስላሴውንም ያሳጣል። ማታ ጋኑን ሞልቶ ማሳደርና በየጊዜው የውኃ መለያውን ከፍቶ ማፍሰስ ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ነው። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ የቀጠነ ከመሆኑም በላይ የማለስለስ አቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ በፖምፓው ውስጥ ብረት ከብረት ጋር እንዲፋተግ ያደርጋል። ድብልቁ በዕለቱ ሞተሩን ሊያስነሳና ሊያስኬድ ስለሚችል ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ቀስ በቀስ ግን ፖምፓውንም ኢንጄክተሮቹንም ይበላቸዋል። ከመንገድ ዳር በጄሪካን የሚገዛ ነዳጅ አቧራ፣ ዝገትና ውኃ ሊኖርበት ስለሚችል በተመሳሳይ መልኩ አደገኛ ነው።

ፊልትሮን በወቅቱ አለመቀየር፣ ነዳጅ ጨርሶ እስኪያልቅ መንዳትና ፊልትሮ በሚቀየርበት ጊዜ ለንጽሕና አለመጠንቀቅም በተደጋጋሚ የሚታዩ መንስኤዎች ናቸው።

የድካም ምልክቶች

የደከመ ፖምፓ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። መኪናው ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ ሜዳ ላይ ደህና እየሄደ ዳገት ሲይዝ ጉልበት ያጣል፤ ሥራ ፈቶ ሲቆም የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አልፎ አልፎም ይጠፋል። በተለይ ጠዋት በቀላሉ የሚነሳ ሞተር ከሞቀ በኋላ ሲጠፋ አልነሳ ካለ የኢንጄክሽን ፖምፓው ውስጣዊ ክፍል መበላቱን ሊያመለክት ይችላል። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በሰፋው ክፍተት ሾልኮ ይመለሳል፤ ግፊትም ሳይፈጠር ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ፖምፓውን ለማቀዝቀዝ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ተገቢ አይደለም። ሞተሩ ሊነሳ ቢችልም የውጨኛው ብረት በድንገት ሲኮማተር የውስጡን ክፍል ይዞ ሊያነቀው ይችላል።

ሌላው ትኩረት የሚሻ ምልክት የሞተር ዘይት መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ማለቱና ናፍጣ ናፍጣ መሽተቱ ነው። ይህም ከፖምፓው ወይም ከኢንጄክተሩ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ መሆኑን ያሳያል። ዘይቱ ሲቀጥን የሞተሩ ኩሽኔታዎች ስለሚጎዱ መኪናው ከመጠገኑ በፊት ሊነዳ አይገባም።

በአንጻሩ ጥቁር ጭስ ስለታየ ብቻ ፖምፓው ተበላሽቷል ማለት አይቻልም። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለና ተርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ላይ ሲወጣ ከአየሩ ጋር ያልተመጣጠነ ነዳጅ ስለሚደርሰው ይጨሳል። የአየር ማጣሪያ መደፈንም ተመሳሳይ ጭስ ያስከትላል።

ከመቀየር በፊት መመርመር

የኢንጄክሽን ፖምፓ ከሞተር ክፍሎች ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት ጤናማ ፖምፓ አውጥቶ ሌላ መግጠም ከፍተኛ ወጪ አስከትሎ ችግሩን ባለበት የሚተው ስህተት ይሆናል። ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ ተነስቶ ወደ ከባዱ መሄድ ይኖርበታል።

በቅድሚያ የጋኑ መተንፈሻ ያልተደፈነ መሆኑ ይረጋገጣል። መተንፈሻው ከተደፈነ ጋኑ ውስጥ አየር ስለማይተካ ፖምፓው ነዳጅ መሳብ ያቅተዋል። የጋኑን ክዳን ሲከፍቱ አየር እየሳበ ከጮኸና ሞተሩ ደህና መሥራት ከጀመረ ችግሩ እዚያው ነው። ቀጥሎ ፊልትሮው ይቀየራል፤ ከጋን እስከ ፖምፓ ያለው ቱቦም ይፈተሻል። ይህ ቱቦ ነዳጅ የሚሳብበት በመሆኑ ሲሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ችግሩ በቀላሉ የማይታየውም ለዚህ ነው።

ጋኑንና ቱቦውን ከፖምፓው ችግር ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። መጋቢ ፖምፓው ንጹሕ ናፍጣ ከያዘ ዕቃ በአጭር ንጹሕ ቱቦ በቀጥታ እንዲስብ ይደረጋል። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ ጤናማ ከሆነ ጥፋቱ ከጋኑ ወይም ከቱቦው ነው። ካልሆነ የመጋቢው ግፊት በመለኪያ ታይቶ አምራቹ ካስቀመጠው ልክ ጋር ይነጻጸራል። ሞተሩ ጨርሶ አልነሳ ሲል ደግሞ ነዳጅ የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ባትሪ የሚያገኝ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ከአንዲት የተበጠሰች ሽቦ የተነሳ ፖምፓ መፍታት አግባብ አይሆንም።

መጋቢው በቂ ነዳጅ እያቀረበ፣ አየር ሳይኖርና ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ኢንጄክተሮቹን መፈተሽና ኢንጄክሽን ፖምፓውን አውጥቶ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ማስለካት ተገቢ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የተበላው ክፍል ብቻ ተቀይሮ ፖምፓው ሊታደስ ይችላል።

መቀየር ግድ ከሆነ በቅርጹ መመሳሰል ላይ ተመሥርቶ መግዛት ያሳስታል። በፖምፓው አካል ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። በመልክ የማይለዩ ሁለት ፖምፓዎች በሚልኩት የነዳጅ መጠን፣ በሚዞሩበት አቅጣጫ ወይም በፍጥነት ገደባቸው ሊለያዩ ይችላሉ።

የቅያሪው ሂደት

ከዚህ በታች የተመለከተው ሂደት ሜካኒካዊ ኢንጄክሽን ፖምፓ ላላቸው ሞተሮች የሚያገለግል አጠቃላይ ቅደም ተከተል ነው። ዝርዝር ልኩ በየሥሪቱ ስለሚለያይ የአምራቹ መመሪያ ሁልጊዜ ቅድሚያ ይሰጠዋል።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ጎማው በታኮ ይያዛል፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። ከምንም በፊት ፖምፓውና ዙሪያው በደንብ ይጸዳል። በቆሸሸ ሞተር ላይ ቱቦ መፍታት አቧራውን ለአዲሱ ፖምፓ ማቀበል ነው።

በመቀጠል ሞተሩ በእጅ እየተሽከረከረ አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቂያው ምት ላይ ወደ ላይኛው ጫፍ እንዲደርስ ይደረጋል። ፒስተኑ በሁለት ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ስለሚደርስ ትክክለኛው ምት መሆኑን በቫልቮቹ ማረጋገጥ ይገባል፤ በመጭመቂያው ምት የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው። በፍላይዊሉ ወይም በፊት ፑሊው፣ እንዲሁም በፖምፓው ላይ ያሉት ምልክቶች ይታያሉ፤ ከሌሉም ይሠራባቸዋል። ከዚህ በኋላ ሞተሩ መነካት የለበትም።

የነዳጅ ቱቦዎቹ በየቁጥራቸው ምልክት ተደርጎባቸው ይፈታሉ፤ ክፍት አፎች ሁሉ ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይደፈናሉ። የነዳጅ መስጫው ዘንግና የማጥፊያው ገመድ ይላቀቃሉ። የባለስድስት ሲሊንደር ፖምፓ ከባድ በመሆኑ ማሠሪያ ብሎኖቹ ሲፈቱ በሁለት ሰው ወይም በማንሻ ሊያዝ ይገባል።

አዲሱ ፖምፓ ሲገጠም ያገለገለ ጓርኒሲዮን መልሶ መጠቀም አይገባም። የፖምፓው ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ተገጣጥሞ ብሎኖቹ በአምራቹ ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ቱቦዎቹ በግድ ሳይታጠፉ በየቦታቸው ይመለሳሉ። በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ፖምፓ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት የሚያስፈልገው ዘይት ይደረግበታል።

የርጭቱ ጊዜ /ታይሚንጉ/ በምልክት ብቻ ሳይሆን መመሪያው በሚያዘው መለኪያ መረጋገጥ ይኖርበታል። ርጭቱ ከጊዜው ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፤ በፒስተኑና በቴስታታው ላይም ከመጠን ያለፈ ጫና ይፈጠራል። ከዘገየ ደግሞ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይግላል።

ቀጣዩ ሥራ አየር ማስወጣት ነው። ናፍጣ ሲጨመቅ እጅግም አይኮማተርም፤ አየር ግን ይኮማተራል። ቱቦ ውስጥ የቀረ አየር ግፊቱን ስለሚውጥ ኢንጄክተሩ አይከፈትም። በመሆኑም የፊልትሮው የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ተደርጎ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፖምፓው ይገፋል፤ ከዚያም ብሎኑ ይጠብቃል። በኢንጄክተሮቹ በኩል ያሉት ዳዶዎች ጥቂት ላልተው ናፍጣ እስኪወጣ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፤ ዳዶዎቹም መልሰው ይጠብቃሉ። ሞተሪኖውን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ ማሽከርከር ያቃጥለዋል።

ሞተሩ ሲነሳ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

አዲስ የተገጠመ ፖምፓ የነዳጅ መቆጣጠሪያው በሙሉ መስጫ ላይ ተነክሶ ከቀረ ሞተሩ ያለልክ ሊፈጥንና ራሱን ሊሰባብር ይችላል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት ላይረዳ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የአየር መግቢያውን ለመድፈን የሚያስችል ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ብረት ተዘጋጅቶ አንድ ሰው በቅርብ መቆም ይኖርበታል። አየሩን በእጅ ወይም በጨርቅ ለመዝጋት መሞከር ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል።

ሞተሩ እየሠራ የሚፈስ ነገር መኖሩን በእጅ ዳስሶ መፈለግም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ትንሽና ሕመም የሌለው ቢመስልም ውስጡን ስለሚያበላሽ እጅን እስከማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድና ናፍጣ በግፊት እንደወጋው ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። ፍሳሹ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው።

በኮመን ሬል ሞተሮች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች እንደተለመደው የኢንጄክተር ዳዶ አላልቶ አየር ማስወጣት በእነዚህ ላይ አይሠራም፤ አደገኛም ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፖምፓው ተፍቆ የብረት ብናኝ ከለቀቀ ደግሞ ፖምፓውን ብቻ መቀየር በቂ አይደለም፤ ብናኙ ወደ ጋራው ቱቦ፣ ወደ ኢንጄክተሮቹና በመመለሻው በኩል ወደ ጋኑ ስለሚደርስ ሁሉም መጽዳት ወይም መቀየር አለበት። ይህ ካልሆነ አዲሱ ፖምፓ በአጭር ጊዜ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

የባለድርሻዎች ኃላፊነት

ቅያሪው ከተጠናቀቀ በኋላ መኪናው በመጀመሪያ ያለጭነት፣ ቀጥሎም በመጠነኛ ዳገት ላይ መሞከር ይኖርበታል። ከሙከራው በኋላ የቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች፣ የዘይቱ መጠንና የጭሱ ቀለም በድጋሚ ይታያሉ። ነዳጁን ያቆሸሸው መንስኤ ሳይወገድ፣ ማለትም ጋኑ ሳይታጠብና ፊልትሮው ሳይቀየር የተደረገ ቅያሪ ግማሽ ሥራ ነው።

በጉዞ ላይ ሞተሩ ጉልበት ማጣትና መንተፋተፍ የጀመረበት አሽከርካሪ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ሰፊና ሜዳ ቦታ ፈልጎ ሊቆም ይገባል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የጠፋበት እንደሆነም ማርሹን ሳያወጣ፣ ፍሬኑን በተደጋጋሚ እየረገጠ አየሩን ሳይጨርስ፣ በአንድ ወጥ አያያዝ መኪናውን ወደ ዳር ማቆም ይኖርበታል። መኪናው ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማውን በታኮ መደገፍና ከኋላ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማኖር የአሽከርካሪውና የረዳቱ ተግባር ነው።

የመኪና ባለንብረቶች ጭነት እንዳያመልጣቸው ሲሉ ምልክት ያሳየን መኪና ወደ መንገድ ባለመላክ፣ ጋራዦች ሳይመረምሩ ባለመቀየር፣ ነዳጅ ማደያዎችም ንጹሕና ያልተቀላቀለ ናፍጣ በማቅረብ የየበኩላቸውን ድርሻ መወጣት ይጠበቅባቸዋል። ሾፌሩ ማለዳ ከመነሳቱ በፊት የውኃ መለያውን ለማፍሰስ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ጥቂት ደቂቃ መቆጠብ ግን መኪናውን ለቀናት መንገድ ላይ ሊያስቀር፣ ከዚያም በከፋ ሁኔታ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።